የድሬሰር መሸሻ ደብር

መሸሻ ገብረ ሥላሴ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ላዝንለት ብዬ አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ለእኔም ይቀለኝ ነበር። ክፉን ሰው ረግመውት ይገላገላሉ፤ መሸሻን ግን ስንት ዓመት ሙሉ ረግሜው መገላገል አልቻልኩም። አብረን ስንሠራ አንቱ እለው ነበር። አንቱታውን ከሥራው ጋር ተሰናብቼዋለሁና እዚህ ላይ እሱ እያልኩ ብጽፍ አይቀየመኝ። ቢቀየመኝም ይቀየመኝ።

ዛሬ ጎባ፣ አባቱ በተዉለት ቤት ተቀምጦ ድንች ይኮተኩታል። ጣቱን ቆርጦ የሚመጣ የጎረቤት ልጅ እንኳ ቢኖር በር ዘግቶ ይገባል ይባላል። ለምን እንደሆነ ሰዎቹ አያውቁም፤ ኩሩ ሆኗል ይላሉ። እኔ ግን አውቃለሁ። እኔና ከሮቤ ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ብቻ እናውቃለን።

ክሊኒኳ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች። እመት ወለተኢየሱስ የሚባሉ የጎባ ባለጠጋ ለሟች ባላቸው መታሰቢያ ያሠሯት ባለ ሦስት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ናት። ሠራተኞቿ ሦስት ነበርን፤ ድሬሰሩ መሸሻ፣ ዘበኛውና እኔ። ጠዋት ፋሻ አጥቤ፣ ቀቅዬ፣ አድርቄ እጠቀልላለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች ተብዬ የበሽተኛ ካርድ እጽፋለሁ። የሚቆጣጠር ሐኪም በየሦስት ወሩ ይመጣል ተብሎ ነበር። መንገዱ ጭቃ ነው እየተባለ ዓመት ያልፋል። ስለዚህ ሐኪማችን መሸሻ ነበር፤ ዶክተር ብለው ለሚጠሩትም አቤት ይል ነበር።

አባቱ መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ከሰሜን ከጦር ጋር የመጡ ሊቅ ነበሩ። መሸሻ ጎባ ተወልዶ፣ ጎባ አድጎ፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እኩል ይናገራል። አባቱ ግን የፈለጉት ቅኔ እንዲቆጥር ነው። ሦስት ዓመት ሞከረ፤ አልሆነለትም። አባትየው በሰው ፊት «ይህ ልጅ ሰሙን እንጂ ወርቁን አያይም» ብለው እንደተናገሩበት እሱ ራሱ ነግሮኛል፤ ሲነግረኝም እየሳቀ ነበር፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ልከውት ስምንት ወር የድሬሰርነት ትምህርት ተማረ። አስተማሪው በእንግሊዝኛ ነው የሚያስተምረው። መሸሻ ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ገምቶ፣ የሰማውንም የገመተውንም ጥቁር ልባስ ባለው ደብተር ላይ ጽፎ ተመለሰ።

ያ ደብተር ነው ጉዳችን። ቅኔ ያቃተው ሰው የፈረንጅ ቃል ላይ ሰምና ወርቅ ይፈልግ ጀመር። ቫዝሊን ማለት ወዝ ማለት ነው ይለኛል። ፈረንጅ ወ ማለት ስለሚያቅተው ነው እንጂ ወዝሊን ነበር ይላል። እኔ ፋሻ እየጠቀለልኩ እሰማለሁ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ ይለኝ ነበር። በዚያ ጭቃና መግል መሀል ስለ ቃል የሚያወራ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም።

ከሁሉ የሚወደው ቃል ደብሪድመንት ነበር። በደብተሩ ላይ «ደብሪድመንት፦ ቁስል ማጽዳት» ተብሎ ተጽፏል። አስተማሪው ያለው ይህን ብቻ ነው። መሸሻ ግን አልበቃውም። ተመራምሮ ተመራምሮ፣ ቃሉ የግዕዝ ነው፤ ደብረ መድኃኒት ነው፤ ፈረንጆች ከእኛ ወስደው አበላሽተውት ነው አለ። ከዚያም ትርጓሜውን አወጣለት። ደብር ቅጥር አለው፣ በር አለው፤ ሰው ወደ ደብር የሚገባው ንጹሕ ሆኖ ነው፤ ከገባ በኋላ በሩ ይዘጋል። ቁስልም እንደዚሁ መጀመሪያ ይታጠባል፣ ከዚያ ይሰፋል፣ በፋሻ ጥብቅ ተደርጎ ይታጠራል፤ ሦስት ቀን አይከፈትም። የመጀመሪያው፣ ማጠቡ፣ ከአስተማሪው ነው፤ ቅጥሩና መዝጊያው ከራሱ ነው። ይህን ሁሉ ከደብተሩ ግርጌ በቀይ ቀለም ጽፎታል።

ከተማው ቃሉን ወደደው። እመት ወለተኢየሱስ የዚህ ደብር ታቦት ማን ነው ብለው ቢጠይቁት፣ መሸሻ ዓይኑን ሳያሽ መድኃኔ ዓለም ነው አላቸው። ገበሬው ደግሞ አሳጥሮ «ደብሪ አድርግልኝ» ይላል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። እሱም ያደርግላቸዋል። መጥረቢያ የሳተው፣ ማጭድ የቆረጠው፣ አጥር የቧጨረው ይመጣል፤ መሸሻ በጥሩ ሁኔታ ያጥባል፣ ይሰፋል፣ ይጠቀልላል፣ ይድናል። ቀላል ቁስል ነበርና በማናቸውም እጅ ይድን ነበር። እኛ ግን በቃሉ የዳነ መሰለን። በየካርዱ ላይ «ደብሪድመንት ተደርጓል» እያልኩ እጄ እስኪዝል የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በ1956 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ወዚር መጣ።

ወዚርን የሮቤ ገበያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በቅሎና ፈረስ ነጋዴ ነው፤ በሪራ ጫካ በኩል ደሎ መና ወርዶ ቡናና ማር ጭኖ ይመለሳል። አንድ ዳማ ፈረስ ነበረው። በገበያ ቀን በዚያ ፈረስ ላይ ሲመጣ እህል የሚሰፍረው መስፈሩን ትቶ ቀና ይላል። እኔም ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ያኔ ገና ሃያ ዓመቴ ነበር።

የዚያን ዕለት ሸያ ወንዝን ሲሻገር ፈረሱ ድንጋይ ላይ ተንሸራተተና የወዚርን ግራ እግር በጎኑና በአለት መሀል አጣበቀው። ባቱ ተሰንጥቆ ጭቃ ገብቶበታል። በዚያው ፈረስ ላይ ተቀምጦ መጣ፤ ሚስቱ ጁሀራ ልጓሙን ይዛ በእግሯ ከፊት ትመራለች። ካርዱ ላይ ሰዓቱን ጻፍኩ፤ ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል። ከወደቀ ሁለት ሰዓት አልሞላውም ነበር። ይህን ሰዓት አስታውሱልኝ።

መሸሻ ያን ቀን እንደሠራ ሠርቶ አያውቅም። ጭቃውን በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ለቀመ፤ አረፋ በሚያወጣው ውሃ ደጋግሞ አጠበ፤ ቁስል እንዳያመረቅዝ የሚደረገውን የሰልፋ ዱቄት ነሰነሰበት። እግሩ ግን አብጧል። ባቱ ጠንክሮ ቆዳው ያብለጨልጫል። ሁለቱ የቁስሉ ከንፈሮች አልገናኝ አሉ፤ መሸሻም በክር እየሳበ በግድ አገናኛቸው። አሥራ አራት ቦታ ሰፋ። ከዚያ እኔ ያጠብኳቸውን፣ እኔ የጠቀለልኳቸውን ሦስት ፋሻዎች ከእግሩ ጣቶች ሥር እስከ ጉልበቱ አሰረበት። ጣቶቹ ብቻ ከታች ብቅ ብለው ታዩ።

ወዚር ለመርፌው አላቃሰተም። ሦስተኛው ፋሻ ሲጠብቅ ግን የመሸሻን እጅ ያዘና፣ «ሉገመ ከነ ነራ ሂካ» አለው። ይህን ልጓም ከላዬ ይፍቱልኝ ማለቱ ነው፤ በአክብሮት፣ በልመና ነው ያለው።

መሸሻ በአማርኛ መለሰለት። «ፈረሱን ውጭ አስረነዋል። አንተ ፈረስ አይደለህም።»

እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ያን ያህል የሚያስቅ አልነበረም። መሸሻን ደስ ይበለው ብዬ ይሆናል። ጁሀራ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

ወዚር ከሁለቱ አልጋዎቻችን በአንዱ ላይ ተኛ። በማግሥቱ ጠዋት ጣቶቹ ጠቁረዋል፤ ስነካቸው ይቀዘቅዛሉ። ያንኑ ቃል ደገመ፤ ልጓሙን ይፍቱልኝ አለ። መሸሻም ደብር በየሰዓቱ አይከፈትም፤ ሦስት ቀን ነው ሥርዓቱ፤ ከዚያ በፊት ከከፈትነው ቆሻሻ ይገባል ብሎ በትዕግሥት አስረዳው። ለእስላም ሰው ስለ ታቦትና ስለ ቅጥር እያስረዳ ሩብ ሰዓት ቆየ። ወዚር ሰውየውን ሳይሆን የራሱን ጣቶች ነበር የሚያየው። መሸሻ ሲወጣ ጣቴን በፋሻው ውስጥ ላስገባ ሞከርኩ፤ አልገባም። እኔ ፋሻ አውቃለሁ። ጣት የማያስገባ ፋሻ ፋሻ አይደለም። ሄጄ ነገርኩት። ፋሻ አጣቢዋ ሐኪም ሆነችልኝ አለና ወደ ሳፋዬ እንድመለስ አዘዘኝ። ተመለስኩ። መቀስ በእጄ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቆርጠው ይበቃ ነበር። ግን ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ወዚር ትኩሳት ይዞት ዓይኑ ቀልቷል። መሸሻ ሊጠይቀው ሲገባ ከአልጋው ቀና ብሎ፣ «ሉገመ ከነ ነራ ሂኪ» አለው። ቃሉ ያው ነው፤ ግን አክብሮቱ ወድቋል። ፍታልኝ ነው ያለው፤ ይፍቱልኝ አይደለም። መሸሻም ይህን ሰማ። የቃል ሰው ነውና ሰዋስዉን ሰማ። ሰው ሲለምን አክብሮ ነው የሚለምነው ብሎ ፊቱን አዙሮ ወጣ፤ ያን ቀን ተመልሶ አልገባም።

በአራተኛው ቀን ሽታው ግቢው ድረስ ደረሰ። ፋሻው ሲቆረጥ ያየሁትን አልጽፈውም። መሸሻ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ጁሀራ አልጮኸችም፤ ነጠላዋን አውልቃ የባሏን እግር ሸፈነችበትና መኪና ፈልጉልኝ አለች። ከሮቤ እህል ጭኖ የሚሄድ መኪና ላይ በጆንያዎቹ መሀል አስተኝተን፣ የሁለት ቀን መንገድ ወደሚርቀው ትልቅ ሆስፒታል ላክነው። ከአራት ወር በኋላ በክራንች ተመለሰ። የግራ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል።

ማታለል የሚጀምረው እንዲህ ነው። መኪናው በሄደ በዚያው ቀን መሸሻ ካርዱን ጠየቀኝና በራሱ እጅ ጻፈበት፤ «ደብሪድመንት ተደርጓል። ዘግይቶ በመምጣቱ እግሩ አልዳነም።» ከዚያው ካርድ አናት ላይ የእኔ ጽሑፍ አለ፤ ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል። ሁለቱ አብረው እዚያው ካርድ ላይ ተቀመጡ። እኔም ካርዱን ተቀብዬ በተራው አስገባሁት። ምንም አላልኩም። የሚጠይቀኝ ሰው ስላልነበር ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ወዚር አልከሰሰም። የረቢ፣ የፈጣሪ ፈቃድ ነው አለ። ጁሀራ ግን በክሊኒኩ ደጅ ስታልፍ ለማናችንም ሰላም አትልም ነበር። ሰው ፈረስ ላይ የሚወጣው በግራ እግሩ ነው፤ ወዚር የቀረው የቀኙ ነው። በሰው ድጋፍ እንዲወጣ ቢለመን እንደ ጆንያ አልጫንም ብሎ እምቢ አለ። የሪራና የደሎ መና ንግዱ ቀረ፤ በቅሎዎቹ ተሸጡ። ዳማውን ግን አልሸጠም። በየገበያው ቀን ጠዋት ጁሀራ ኮርቻውንና ልጓሙን ታደርግለትና ፈረሱ ደጁ ላይ ይቆማል፤ ወዚር አጠገቡ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ገበያ የሚሄደው ሰው ፈረሱን እያየ ያልፋል። ሲመሽ ልጓሙ ይወልቃል። ሰዉ አብዷል ይል ነበር፤ ያበደ አልነበረም።

መሸሻ ሥራውን ቀጠለ። አንዳንድ ጊዜ ሳይጠየቅ፣ ባላገሩ ሰው ከሞተ በኋላ ነው የሚያመጣልን እያለ ያወራል። እኔ ፋሻዬን እጠቀልላለሁ። ወዝሊን ሲል መሳቄን ትቼ ነበር፤ አላስተዋለም።

በ1959 ዓ.ም. የፈንጣጣ ክትባት የሚሰጥ ቡድን ወደ ሳነቲ ተራራ ሊወጣ በእኛ በኩል አለፈ። መሪው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ ኃይለመስቀል የሚባል አስተርጓሚ አብሮት አለ። ተራራውን የሚወጡት በኪራይ ፈረሶች ነበርና እነሱ ሻይ እስኪጠጡ ድረስ ፈረሶቹ ግቢያችን ውስጥ ታሰሩ። ሐኪሙ ዝም ብሎ መቀመጥ የማይችል ሰው ነው። የካርድ ሣጥኑን ከፍቶ ያገላብጥ ጀመር። መሸሻ አንዳንዱን ካርድ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፍ ነበርና ሐኪሙ አንዷ ላይ ቆም ብሎ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ይህን ቃል የጻፈው ማን ነው ብሎ አስጠየቀ።

መሸሻ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የነጭ ካፖርቱን ቁልፍ ቆለፈ፤ ደብረ መድኃኒትን ከሥሩ ጀምሮ አብራራለት። ቅጥሩን፣ በሩን፣ ንጽሕናውን ተናገረ። ኃይለመስቀል እያፈረ ተረጎመ። ፈረንሳዊው እስከ መጨረሻው አዳመጠና ሳቀ። የክፋት ሳቅ አይደለም፤ የሚያምር ጨዋታ እንደሰማ ሰው ነው የሳቀው። ቃሉ የግዕዝም የእንግሊዝም አይደለም፣ የአገሬ ቃል ነው አለ። ከዚያ የመሸሻን ክንድ ይዞ ወደ ግቢው አወጣው፤ እኔም ሳፋዬን ትቼ ተከተልኩ።

የታሰረ ፈረስ ዘንድ ሄደ። ከጆሮው ኋላ ጠፍሩን አላላ፤ ብረቱን ከአፉ አወጣ፤ ልጓሙን አወለቀው። ፈረሱ ራሱን አራገፈና አንገቱን አውርዶ ሣር ነጨ። ሐኪሙ ልጓሙን መሸሻ እጅ ላይ አስቀመጠና ቃሉን በቋንቋው አለው። ኃይለመስቀል ተረጎመ፦

«ቃሉ ይህ ነው ይላል። ልጓም መፍታት።»

ከዚያም አስረዳ። ጥንት የጦር ሐኪሞች ሲያዩ፣ የተጎዳ ሥጋ ከቆዳው በታች ያብጣል፤ መፈናፈኛ ያጣል፤ ከላይ ያለው ጠንካራ ሽፋን እንደ ልጓም ይይዘዋል። ስለዚህ ሰንጥቀው ያላሉታል፤ ክፍት ይተዉታል። ስሙ ከዚያ መጣ። የሞተውን ሥጋ ማውጣት፣ ማጽዳት የሚባለው በኋላ የተጨመረ ትርጉም ነው አለ።

መሸሻ ልጓሙን እንደያዘ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። ያበጠ ቁስል ታጥቦ ቢሰፋና በፋሻ ቢጠብቅስ?

ሐኪሙ መልሱን ሲሰጥ ዓይኑ ተራራው ላይ ነበር፤ ደመናው ይነሣ እንደሆነ እያየ። ያኔ ልጓሙን ማጥበቅ ነው፤ ደሙ አያልፍም፤ እግሩ ይሞታል አለና ሻዩን ሊጨርስ ገባ።

እኔና መሸሻ ግቢው ውስጥ ቀረን። ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል። አላየኝም። ቡድኑ ሲሄድ ሣጥኑን ከፍቶ የወዚርን ካርድ አወጣና ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ካርድ ከክሊኒክ አይወጣም ልለው ፈልጌ ተውኩት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁስል አልነካም፤ የመጣውን ሁሉ ወደ ጎባ ሂዱ ይል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ በገበያ ቀን ጠዋት፣ ወዚር ቤት እንሂድ አለኝ። እኔ ምን ላድርግ አልኩት።

«ሠርከአዲስ፣ አንቺም ስቀሻል» አለኝ።

ነጠላዬን ለብሼ ተከተልኩት።

ወዚር እንደ ልማዱ ደጁ ላይ ነበር። ዳማው ኮርቻና ልጓም ተደርጎለት ፀሐይ ላይ ቆሟል። መሸሻ በኦሮምኛ ደኅንነታቸውን ጠየቀ፤ ወዚር መለሰ፣ ጁሀራ አልመለሰችም። የምንቀመጥበት አላመጣችልንም። መሸሻ ቆሞ መናገር ጀመረ፤ የጀመረውም ከፈረንሳዊው ነው። እንዴት እንደመጣ፣ ቃሉ የየት አገር እንደሆነ፣ የጦር ሐኪሞቹ ምን እንዳዩ ይተርካል። ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ እንኳ ከሥርወ ቃል ነው የሚነሣው። ተናድጄ ልጮኽበት ምንም አልቀረኝም። በኋላ ግን ሌላ መግቢያ በር የማያውቅ ሰው እንደሆነ ገባኝ። ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ሰዓቱን አነበበላቸው። ዘግይቶ መጣ ያለው ውሸት እንደሆነ ነገራቸው። ልጓም መፍታት የሚለው ላይ ሲደርስ ወዚር ክራንቹን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ያልኩት ቃል ነው?» አለው በአማርኛ።

«ያው ራሱ ነው። የሕክምናው ስም ነው።»

«እንግዲያ ነግሬህ ነበር።»

«ነግረኸኛል።»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሦስት ጊዜ ነው» አለ መሸሻ። «ሦስተኛውን ያላከበርከኝ መስሎኝ ነው የተውኩት።»

ወዚር የሚሰድብ መስሎኝ ነበር፤ ቢሰድበው እመርጥ ነበር። ወዚር ግን ፈረሱን አየና ፀሐይ በርትቶበታል አለ። ከዚያ ወደ መሸሻ ዞረ።

«ሂድና ልጓሙን ፍታለት። ስሙን አሁን ታውቀዋለህ።»

መሸሻ ሄደ። በጎባ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ግን የመሪጌታ ልጅ ነውና ፈረስ ነክቶ አያውቅም። አሥራ አራት ቦታ የሰፋው እጅ ጠፍሩ የት እንደሚፈታ አጣው። ጉንጩ ላይ ፈለገ፣ አገጩ ሥር ፈለገ፤ ወደራሱ ሳበው። ብረቱ አፉን ሲቆነጥጠው ፈረሱ ራሱን ወደ ላይ ወረወረ። መሸሻ ይበልጥ አጥብቆ ያዘው። ወዚር ቁጭ ብሎ ያያል። እኔም ቆሜ አያለሁ፤ እንደ ያኔው። ላብ በመሸሻ አንገት ላይ ይወርዳል፤ እያለቀሰ እንደሆነ ያወቅሁት ትከሻው ሲነቃነቅ ነው።

በመጨረሻ ጁሀራ ከበሩ ተነሥታ መጣች። የመሸሻን እጅ ከልጓሙ ላይ አነሣች። ከፈረሱ ጆሮ ኋላ ያለውን ጠፍር ገፋ አድርጋ አሳለፈችና ልጓሙን አውልቃ ክንዷ ላይ አንጠለጠለችው። ሁለት ጣት ብቻ ነበር የፈለገው።